የምንቆጣጠረው ሰርቨር ላፕቶፓችንን ሊያጠቃ ይችላል?

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤቴን ሰርቨር ከቤቴ ሆኜ በሪሞት ዴስክቶፕ (የሩቅ ኮምፒውተርን ስክሪን በኢንተርኔት እያዩ በሚያዙበት ዘዴ) አስተዳድራለሁ። የሚያሰጋው ሰርቨሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ባልደረባዬ ግን የራሴ ላፕቶፕም ሊጠቃ እንደሚችል ነገረኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፣ እውነት ነው። የሳይበር ደህንነት ኩባንያው የቼክ ፖይንት ተመራማሪዎች በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ በሚታወቁት የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች፣ በአርዴስክቶፕና በፍሪአርዲፒ ውስጥ በድምሩ 25 ጉድለቶችን አግኝተዋል።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚመነጩት ፕሮግራሙ ሰርቨሩ የላከለትን ቁጥር ሳያጣራ ከማመኑ ነው። ለስክሪኑ ምስል የሚበቃውን የሜሞሪ ቦታ የሚያሰላው በተነገረው ስፋትና ቁመት በመሆኑ፣ ሰርቨሩን የያዘ አጥቂ ሆን ብሎ ግዙፍ ቁጥሮችን ሲልክ ብዜቱ ከተመደበለት የቢት ልክ (ኮምፒውተሩ ለአንድ ቁጥር ከሚሰጠው ቦታ) አልፎ ትንሽ ቁጥር ሆኖ ይመለሳል፤ በዚህም ጠባብ ቦታ ይያዝና የሚገለበጠው መረጃ ሞልቶ በመፍሰስ አጠገቡ ያለውን ሜሞሪ ያበላሻል። ሁለቱም ፕሮግራሞች የተጻፉበት ሲ (C) የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን ወሰን በራሱ አይጠብቅም። የተካነ አጥቂ በዚህ ቀዳዳ የራሱን ኮድ በላፕቶፕዎ ላይ ሊያስኬድ ይችላል።

አርዴስክቶፕ በ1.8.4 እትሙ ተጠግኗል፤ ፍሪአርዲፒም እንዲሁ ማስተካከያ አውጥቷል። የማይክሮሶፍት የሪሞት ዴስክቶፕ ፕሮግራም የምስሉን መጠን በተሻለ ጥንቃቄ ያጣራ ነበር፤ ሆኖም የፋይል ቅጂን በሚጋራበት ክሊፕቦርድ (ኮፒ ያደረጉት ነገር እስኪለጠፍ በሚቆይበት ቦታ) በኩል ሌላ ዓይነት ጉድለት ተገኝቶበት በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ወጥቶለታል።

ስለዚህ የሚጠቀሙበትን እትም ያረጋግጡ። ከማያምኑት ሰርቨር ጋር ሲገናኙ ደግሞ ክሊፕቦርድ መጋራትን ይዝጉ፤ በእኔ አስተያየት ለሚያምኑትም ቢሆን ካላስፈለገዎት ባይከፍቱት ይሻላል።