ስለ መኝታ ደስታና ስለ ጥናት መጠይቅ፦ ከኃይቅ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው በወሎ፣ ኃይቅ ከተማ አካባቢ ነው። በተክሊል ከተጋባን ቆይተናል፤ ልጆችም ወልደናል። በቅርቡ አንዲት የጤና ተማሪ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት የጥናት መጠይቅ ይዛ ወደ ሰፈራችን መጥታ ነበር። ሕመም ይሰማኝ እንደሆነ፣ ደስታ አገኝ እንደሆነ፣ ከባለቤቴ ጋር እንነጋገርበት እንደሆነ ስትጠይቀኝ ደንግጬ «ይህ የሚወራ አይደለም» ብዬ ሸኘኋት። ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣ አለ፤ እኔ ከመኝታችን ያተረፍሁት ሕመም ነው እንጂ ደስታ አላውቅም። ለባለቤቴ ሳነሣባቸው «ጨዋ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አታወራም» ይሉኛል። መጠይቁን መመለስ ኃጢአት ነውን? ደስታን መፈለግስ?

መልስ፦ እኅታችን፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎና ከቤተሰብዎ ጋር ይሁን። ሁለተኛውን ጥያቄዎን አስቀድማለሁ፤ የፊተኛው መልስ የሚገኘው በእርሱ ውስጥ ነውና።

በጋብቻ ውስጥ ደስታን መፈለግ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያው ለዕብራውያን ሲጽፍ መጋባት ክቡር፣ መኝታውም ንጹሕ እንዲሆን አስተምሯል፤ ንጹሕ የተባለውን መኝታ እኛ ርኩስ ልንለው አንችልም። በአራተኛው መቶ ዓመት በታናሽ እስያ በምትገኘው በጋንግራ ከተማ ለጉባኤ የተሰበሰቡ አባቶችም ጋብቻን የሚነቅፈውን፣ ከገዛ ባሏ ጋር የምትተኛውን ምእመንት መንግሥተ ሰማያት እንደማትገባ ቆጥሮ የሚጸየፈውን ሰው አውግዘዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ባለቤትዎ እንዲያነቡት የምወደው ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ቁጥር 5ን ነው፤ አዲስ ሚስት ያገባ ሰው አንድ ዓመት ከዘመቻ ተለይቶ በቤቱ እንዲቀመጥና ሚስቱን ደስ እንዲያሰኛት ያዝዛል። ደስ የማሰኘቱ ትእዛዝ የተሰጠው ለባል ነው፤ ደስ መሰኘት የሚገባት ደግሞ ሚስት ናት። ቅዱስ ጳውሎስም በአንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባል ለሚስቱ የሚገባትን እንዲያደርግላት የሚናገረው ሚስት ለባሏ ከምታደርገው አስቀድሞ ነው፤ ሚስት በገዛ ሥጋዋ ላይ ሥልጣን እንደሌላት የተጻፈውን ቃል ብዙ ወንዶች በቃላቸው ይዘውታል፣ ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን እንደሌለውና ሥልጣኑ የሚስቱ እንደሆነ የሚናገረውን ቀጣዩን ቃል ግን ሲጠቅሱ ብዙ አልሰማሁም። ሚስቱ እየታመመች የራሱን ፈቃድ ብቻ የሚፈጽም ባል የሚገባትን አደረገላት አይባልም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ባሎች ከሚስቶቻቸው ጋር በማስተዋል እንዲኖሩ አዝዟል፤ ስለማያውቁት ነገር ማስተዋል ደግሞ አይቻልም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች ለእኛ የሚጠቅሙን እዚህ ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመና በኢንተርኔት ከ52,000 በላይ አሜሪካውያን አዋቂዎችን የጠየቀ አንድ ጥናት ነበረ። ከሴቶች ጋር ግንኙነት ከሚያደርጉት ወንዶች 95 በመቶው ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ ወደ እርካታ እንደሚደርሱ ሲናገሩ፣ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ከሚያደርጉት ሴቶች እንዲህ ያሉት 65 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥናቱ ከሴቶች ጋር ግንኙነት የሚያደርጉ ሴቶችንም ጠይቋል፤ ከእነርሱ 86 በመቶው ሁልጊዜ ወይም አብዛኛውን ጊዜ እርካታ እንደሚያገኙ ተናግረዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ጋብቻ የምትለው የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አንድነትን ብቻ እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ቁጥርም ይህን ትምህርት አይለውጠውም፤ ሰዎቹን ግን በስድብና በንቀት ማንሣት ከክርስቲያን አይጠበቅም። ቁጥሩን ያመጣሁት ባሎች ሊሰሙት የሚገባ እውነት ስላለበት ነው፤ በብዙ ቤት የሚስት ደስታ የሚቀረው የሴት ተፈጥሮ ደስታን ስለማይቀበል አይደለም፣ ስለ ሰውነቷ የሚጠይቃትና ጊዜ የሚሰጣት ስለጠፋ ነው። በዚያው ጥናት ብዙ ጊዜ እርካታ የሚያገኙት ሴቶች የሚሹትን በግልጽ የሚናገሩ፣ በመኝታ ከአጋራቸው ጋር ረዘም ያለ ጊዜ የሚያሳልፉና ፍቅርን በቃል የሚለዋወጡ ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲህ ባለቤትዎ ከጨዋነት ውጭ አድርገው የቆጠሩት ንግግር መድኃኒቱ ራሱ ነው።

በእኛ በወሎ ግን ከንግግር በፊት የሚነሣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የሴት ልጅ ግርዛት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች 65 በመቶው የተገረዙ ነበሩ። በግርዛት የሚቆረጠው የሰውነት ክፍል ፈጣሪ የደስታን ስሜት በይበልጥ ያኖረበት ነው፤ ጠባሳውም በመኝታና በወሊድ ጊዜ ሕመም ያመጣል። ይህን ልማድ ሃይማኖት ነው የሚሉ አሉ። እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው የግርዛት ቃል ኪዳን ግን በግልጽ ለወንድ ነው፤ በአንድ ግቢ ቡና አብረው የሚጠጡ የክርስቲያንና የሙስሊም ቤተሰቦች እኩል ሲፈጽሙት መኖራቸውም የአገር ልማድ እንጂ የእምነታችን ሥርዓት እንዳልሆነ ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 565 ይከለክለዋል። በልጅነትዎ ደርሶብዎት ከሆነ በደሉ የተፈጸመብዎ እርስዎ ነዎት፣ ንስሐ የሚገቡበት ጉዳይ አይደለም፤ ሴቶች ልጆች ካሉዎት ግን ማንም እጁን እንዳያነሣባቸው ይጠብቋቸው። የተገረዘች ሴት ደስታ ፈጽሞ አታገኝም ማለትም አይደለም፤ ትዕግሥት፣ ርኅራኄና ሕክምና ብዙ ይረዳሉ።

አሁን ወደ መጠይቁ ልመለስ። ለጥናት እውነቱን መመለስ ኃጢአት አይደለም፤ የባለቤትን ገመና በጎረቤት መካከል ከማውራትም የተለየ ነው። አጥኚዋ ዓላማዋን ልታስረዳዎ፣ ፈቃድዎን ልትጠይቅ፣ ስምዎን ሳትጽፍ ምስጢርዎን ልትጠብቅ ይገባታል፤ እርስዎም የማይፈልጉትን ጥያቄ መዝለል፣ ከመካከልም ማቋረጥ ይችላሉ። ይህ ካልተሟላ እምቢ ማለትዎ ትክክል ነው። ጥናት ሰዎች የሚያደርጉትንና የሚሰማቸውን ይነግረናል፤ ማድረግ የሚገባንን ግን ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከአባቶች እንማራለን። ሁለቱን የማያምታታ ሰው ከአጥኚዎች ቢማር እምነቱ አይጎዳም።

ጾምን በተመለከተ አጭር ቃል ልጨምር። በአጽዋማት ከመኝታ መታቀብ የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ነው፤ ሐዋርያውም ለጸሎት ስትተጉ ተስማምታችሁ ይሁን ብሏልና በመነጋገር ይፈጸም። ሕመም ያለባት ሚስት ግን በፍስክ ቀንም ቢሆን ሕመሟን ተናግራ ለጊዜው ይቅርብኝ ብላ ብትለምን ባሏን ከለከለችው አትባልም።

ሕመሙን ለተማሪዋ በመንገር ብቻ አያቁሙ። ሕመሙ ከቁስለት፣ ከድርቀት፣ ከወሊድ ጉዳት ወይም ከግርዛት ጠባሳ ሊመጣ ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ደሴ ወዳለ ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ፤ ሴት ሐኪም እንድታይዎ መጠየቅም ነውር የለበትም። ለንስሐ አባትዎም ነገሩን ይንገሯቸውና ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ያነጋግሯችሁ። ባለቤትዎ በመጀመሪያ ቀን ለመምጣት ካፈሩ ይህን መልስ እንዲያነቡት ይስጧቸው፤ የዘዳግምን ምዕራፍ 24 ገልጠው አብራችሁ ብታነቡት ደግሞ ይሻላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።