ግሪን ካርድ ይዘህ ማሪዋና መሸጫ ሥራ ከመግባትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በዲቪ መጥተህ ኦሮራ ከገባህ ሁለት ዓመት አልፎሃል፤ ግሪን ካርድ ይዘሃል፤ የአጎትህ ልጅ እሱ በሚሠራበት ማሪዋና መሸጫ በሰዓት 22 ዶላር የሚከፈልበት ሥራ አግኝቶልሃል። «ኮሎራዶ ውስጥ ሕጋዊ ከሆነ ምን ችግር አለው? ሕጋዊ መደረጉንስ ትደግፋላችሁ ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ከሥር የጻፉልህ አብዛኞቹ «ሕጋዊ ነው፣ ሥራ አይናቅም፣ ግባ» ብለውሃል። እኔ ግን ዜግነትህን እስክትወስድ ድረስ አትግባ እልሃለሁ።

እዚህ ዴንቨር ለኢሚግሬሽን ጠበቆች በአስተርጓሚነት መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ የምነግርህ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጬ ያየሁትንና የሰማሁትን ነው።

መጀመሪያ «ሕጋዊ» ሲባል በማን ሕግ እንደሆነ ይለይ። አገር ቤት የወንጀል ሕጉ ከሞያሌ እስከ ሑመራ አንድ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር ወይ የተፈቀደ ነው ወይ የተከለከለ ነው ብለን ነው ያደግነው። እዚህ እንደዚያ አይደለም። የኮሎራዶ ሕዝብ በኖቬምበር 2012 ማሻሻያ 64 የሚባለውን በ55 በመቶ ድምፅ አጸደቀ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2014 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላ ሰው ከሱቅ መግዛት ቻለ። ያ የስቴቱ ሕግ ነው። በፌደራል ደረጃ ግን በ1970 የወጣው የዕፅ ቁጥጥር ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር አንደኛው መደብ፣ ማለትም እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ክፍል ውስጥ ነው ያስገባው። በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴር ወደ ሦስተኛው መደብ ይውረድ የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ሦስተኛው መደብም ቢሆን ግን ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው፣ ለኢሚግሬሽን ሕጉ ደግሞ ያ ይበቃዋል። ግሪን ካርድህን የሰጠህ ኮሎራዶ አይደለም፤ ዜግነትህንም የሚሰጥህ ኮሎራዶ አይደለም።

ዜግነትና ግሪን ካርድ የሚሰጠው የፌደራል መሥሪያ ቤት፣ ዩኤስሲአይኤስ፣ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ ይህን በግልጽ ጽፎታል፦ የፌደራሉን የዕፅ ሕግ የሚጥስ ሥራ የሠራ ሰው፣ ሥራው በስቴቱ ሕግ የተፈቀደ ቢሆንም እንኳ፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ሥነ ምግባር መስፈርት ላያሟላ ይችላል። ያኔ ኮሎራዶ ውስጥ ጉዳያቸው በዜና የወጣ ሁለት ሰዎች ነበሩ፣ አንዷ ከሊትዌኒያ፣ አንዱ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ። ፈቃድ ባላቸው የማሪዋና ድርጅቶች ውስጥ በመሥራታቸው ነው ዜግነት የተከለከሉት። የወቅቱ የዴንቨር ከንቲባ ማይክል ሃንኮክ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ለዊልያም ባር ደብዳቤ እስከ መጻፍ ደርሰው ነበር። መመሪያው ግን አልተነሣም።

አሁን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። ፈቅደውልኝ ነው፣ ማንነታቸው እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አንዲት እናት ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ከ55 ያለፈ፣ በግሪን ካርድ ከ15 ዓመት በላይ የኖሩ፤ በዚህ የተነሣ የሲቲዝንሺፕ ፈተናውን በአማርኛ እንዲወስዱ የሚፈቀድላቸው። ዜግነቱን የፈለጉት አገር ቤት ለቀረችው ልጃቸው ነው። ልጅቷ አግብታለች፤ ያገባ ልጅን ደግሞ በግሪን ካርድ መሳብ አይቻልም፣ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። ሰንቴኒያል ወዳለው ቢሮ ሲመጡ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የየዓመቱን ደብልዩ-ቱ፣ አሠሪ የሚሰጠውን የደመወዝና የግብር ወረቀት፣ በፕላስቲክ አቃፊ ደርድረው ነበር። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄዎቹን አንድም አልሳቱም። ከዚያ መርማሪው የሥራ ታሪካቸው ላይ ደረሰና የአሠሪያቸውን ስም አነበበ። ስሙ የአትክልት ቦታ ነው የሚመስለው፤ የሚሠራው ግን ማሪዋና ነው። «ይህ ድርጅት ምንድን ነው የሚሠራው?» አላቸው። እሳቸውም ሳያመነቱ «አበባ ነው፤ እኛ እናደርቃለን፣ እንመዝናለን፣ እናሽጋለን» አሉ። እኔ ያንን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረብኝ። አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚናገረው፤ መጨመርም መቀነስም አይችልም። መርማሪው ጽሑፉን አቁሞ ቀና አለ፣ ከዚያ በኋላ የነበሩት ጥያቄዎች በሙሉ ስለዚያ ሥራ ሆኑ። ከሳምንታት በኋላ የመጣው ደብዳቤ የእምቢታ ነበር። ጠበቃዋ ሥራውን ካቆሙበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ቆጥረው እንደገና እንዲያመለክቱ መከረቻቸው። እኚህ ሴት በሕይወታቸው ማሪዋና በአፋቸው አልዞረም። ግብራቸውን ከፍለዋል፣ ሰዓታቸውን አክብረው ሠርተዋል፤ ሕገወጥ ነገር እየሠሩ እንደሆነም የነገራቸው አልነበረም።

ነገሩን በደንብ የምታየው እዚህ ላይ ነው። በድብቅ መንገድ ላይ የሚሸጥ ሰው ደብልዩ-ቱ የለውም። ሕጋዊው ሠራተኛ ግን ሁሉ ነገሩ ተጽፎ ይቀመጣል። ኮሎራዶ ውስጥ በዚህ ሥራ ለመቀጠር ከስቴቱ የሚሰጥ የሠራተኛ ፈቃድ ማውጣት አለብህ። ያ በአንገትህ የምታንጠለጥለው ባጅ ፎቶህና የፈቃድ ቁጥርህ ያለበት የመንግሥት ማስረጃ ነው። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400 የሚባለው፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት አሠሪዎችህን በሙሉ ጻፍ ይልሃል። ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ አምርተህ፣ አከፋፍለህ ወይም ሸጠህ ታውቃለህ ወይ ብሎም በቀጥታ ይጠይቅሃል። ስለዚህ የስቴቱን ሕግ ባከበርክ ቁጥር በፌደራሉ ፊት የሚቀርብብህን ማስረጃ በገዛ እጅህ ታዘጋጃለህ። «አልጽፈውም» ብትል ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ በመሐላ መዋሸት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፣ ከሥራውም የከፋ ጣጣ ያመጣል።

ሥራው ቀርቶ መጠቀሙስ? እሱም ላንተ እንደ ጎረቤትህ አይደለም። የኢሚግሬሽን ሕጉ በዕፅ ጉዳይ የተፈረደበትን ሰው ከአገር ያስወጣል፤ ለግል መጠቀሚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ይዞ ለተገኘ ሰው ልዩ አስተያየት አለ። ኮሎራዶ ግን ከ2021 ወዲህ ሁለት አውንስ፣ 56 ግራም ገደማ፣ መያዝ ትፈቅዳለች። ያንን መኪናህ ውስጥ አድርገህ ወደ ምሥራቅ ብትነዳ ካንሳስ ትገባለህ፤ እዚያ ሕገወጥ ነው። ወደ ሰሜን ዋዮሚንግም እንደዚያው። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የ30 ግራሙ አስተያየት የሚሠራው እዚህ ውስጥ እያለህ ነው። ለገና ወይም ለሠርግ አገር ቤት ሄደህ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ የሚጠብቅህ ሌላ አንቀጽ ነው፤ እዚያ አስተያየቱ የለም፣ ያለው ይቅርታ መጠየቅ ብቻ ነው። በዚያ አንቀጽ ደግሞ ፍርድ ባይኖርም ድርጊቱን ማመን ራሱ ሊያስይዝ ይችላል። ስልክ ውስጥ ያለ ፎቶ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ ቀላል የሚመስል ጉዳይ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ከፈለግህ የጃማይካውን ተወላጅ የአድሪያን ሞንክሪፍን ክስ ተመልከት፤ በልጅነቱ የመጣ ባለ ግሪን ካርድ ነው፣ የተያዘበት 1.3 ግራም ነው፣ ነገሩ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 ነው ለእሱ የተወሰነለት።

ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው፤ ዜጎች ብትሆኑ እንኳ። ሲዲኤልን፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃዱን፣ የፌደራል ሕግ ነው የሚገዛው። የማውቀው አንድ ሾፌር ልደት ቤት ሄዶ ጋሚ፣ ማሪዋና ያለበት ከረሜላ፣ ቀመሰ፣ ከዚያ ወዲህ ምንም አልነካም። በሳምንቱ ራንደም፣ በዕጣ የሚደረገው የዕፅ ምርመራ፣ ወጣበት። ቲኤችሲ፣ ማሪዋና ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሆነ። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ክሊሪንግሃውስ የሚባል መዝገብ ስላለ ስሙ እዚያ ገባ፤ ሌላ ካምፓኒ ቢሄድ ገና ስሙን ሲያስገቡ ያዩታል። ከኖቬምበር 2024 ወዲህማ ስቴቶቹ ሲዲኤሉን ራሱን ዝቅ እንዲያደርጉ ግዴታ ገብተዋል። ሳፕ የሚባለውን ባለሙያ አይቶ፣ ፕሮግራሙን ጨርሶ፣ ድጋሚ ተመርምሮ ነው የሚመለሰው፤ ያ ሁሉ ሲሆን የትራኩ ወርሃዊ ክፍያ አይቆምም። «ኮሎራዶ ሕጋዊ ነው» የሚል ክርክር እዚያ ቦታ ዋጋ የለውም። ትራክ ለማይነዳም ቢሆን የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በኮትስ ጉዳይ፣ ለሕክምና ብሎ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቤቱ ውስጥ የተጠቀመን ሰው አሠሪው ማባረር ይችላል ብሎ ወስኗል።

ጫት ለለመደ ሰውም አንድ ቃል፦ አገር ቤት በይፋ የሚሸጠው ጫት እዚህ ውስጡ ባለው ካቲኖን ምክንያት አንደኛው መደብ ውስጥ ነው። በጓዝ ይዛችሁ አትምጡ፣ አታስልኩም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ። ሕጋዊ መደረጉን እደግፋለሁ? አዎ። በ2012 የደገፈ ድምፅ ሰጥቻለሁ፣ ዛሬም ቢሆን እሰጣለሁ። ኤሲኤልዩ የሚባለው የዜጎች መብት ተሟጋች ድርጅት በ2013 ባወጣው ጥናት በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ የሚጠቀሙት ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ፣ ጥቁሩ በመያዝ ወንጀል የመታሰር ዕድሉ 3.73 እጥፍ ነበር። ፖሊስ መኪና ሲያስቆም ልጄን ሐበሻ ነው ብሎ አይለየውም፤ የሚያየው ጥቁር ወጣት ነው። ያ እስር ለዜጋ ልጅ የሥራና የትምህርት ዕንቅፋት ነው፤ ለስደተኛ ልጅ ደግሞ ወደማያውቀው አገር መባረር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እስሩ መቅረቱ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው።

ከሚቃወሙት ወገኖቻችን፣ በተለይ ከእናቶች፣ የምሰማውን ሥጋት ግን አላጣጥልም። በተለይ የሚበላው ማሪዋና ያሳስበኛል። ኮሎራዶ የሚበላውን በአንድ ቁራጭ 10 ሚሊግራም፣ በአንድ እሽግ 100 ሚሊግራም ላይ ወስናለች፤ ከ2017 ጀምሮም በእንስሳ፣ በሰውና በፍራፍሬ ቅርጽ መሥራት ተከልክሏል። ቁራጩ ላይ ቲኤችሲ የሚል ምልክት ከቃለ አጋኖ ጋር አለ፤ ቤት ውስጥ ከረሜላ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ያንን ፈልጉ። የተጣራውና ኃይለኛው ዓይነት የወጣቶችን አእምሮ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ስለጮኹ ሕግ አውጪው በ2021 መጠኑን አጥብቋል፤ እኔ ይበልጥ ቢያጠብቅ ደስ ይለኛል። በሌላ በኩል «ሕጋዊ ከሆነ ልጆቹ በሙሉ ያጨሳሉ» የተባለው አልሆነም፤ በስቴቱ የተማሪዎች ጥናት እንጠቀማለን ያሉት ለዓመታት 20 በመቶ አካባቢ ቆይቶ በ2021 ወደ 13 በመቶ ገደማ ነው የወረደው። ግብሩም ትምህርት ቤት እየሠራበት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ደጋፊው ስለ ነፃነትና ስለ ገቢ ያወራል፣ ተቃዋሚው ስለ ልጆችና ስለ ጤና ያወራል፤ ሕጉ በግማሽ ሲፈቀድ ወጥመዱ ውስጥ የሚቀረው ዜጋ ያልሆነው ሰው መሆኑን ሁለቱም አያነሡም። በ2022 ፕሬዚዳንት ባይደን በፌደራል ደረጃ በመያዝ ብቻ ለተከሰሱ ይቅርታ ሲያደርጉ ስንት ሰው ደውሎልኝ «ተፈታልን?» አለኝ። ይቅርታው ባለ ግሪን ካርዶችን ይጨምራል፤ ነገር ግን በኢሚግሬሽን ሕግ የዕፅ ጉዳይ በፕሬዚዳንት ይቅርታ አይሰረዝም። እኛን ያስታወሰ አንድ ረቂቅ አይቻለሁ፣ ሞር አክት የሚባለው፤ ማሪዋናን ከፌደራሉ መዝገብ ማውጣት ብቻ ሳይሆን በእሱ ሰበብ የስደተኛ ጉዳይ እንዳይበላሽ የሚል አንቀጽ ነበረው። የተወካዮች ምክር ቤት በ2020ም በ2022ም አሳልፎት ሴኔት ላይ ቀረ። ዜግነት ያላችሁና ድምፅ የምትሰጡ፣ እጩዎች ለምርጫ ቅስቀሳ ወደ ቤተ ክርስቲያናችንና ወደ መስጊዳችን ሲመጡ ይህን አንቀጽ ስሙን ጠርታችሁ ጠይቋቸው።

ወንድሜ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። 22 ዶላር ጥሩ ነው፤ መጋዘንም ኤርፖርትም ብትሠራ ግን ከዚያ ብዙ የራቀ አታገኝም። ማመልከት የምትችልበት ጊዜ እስኪደርስ የቀረህ ሦስት ዓመት አይሞላም። ሥራውን አስቀድመህ ጀምረህ ከሆነም አቁምና ያቆምክበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አስቀምጥ፤ ኤን-400 አትሙላ፣ ትኬት አትቁረጥ፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግር። ፎርም ሞልቶ ብር የሚቀበል ሰው ሳይሆን ፈቃድ ያለው ጠበቃ። የአጎትህ ልጅም ዜጋ ካልሆነ አብሮህ ይሂድ፤ እሱ ካንተ ይልቅ የሚያሳስብ ቦታ ላይ ነው ያለው።