ሳያቆምም ይምጣ

አብሽሪ እህቴ። «ወንድሜን ትራማዶል (ሱስ የሚያስይዘውን የሕመም ማስታገሻ) ሳያቆም የሚቀበለው ቦታ ደሴ ውስጥ አለ ወይ?» ላልሽው፣ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጅው። እንዳለ ይሂድ። «መጀመሪያ አቁምና ና» የሚባል ነገር ስንቱን ከበር መልሷል! ስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተው፣ ሱሰኞች በባለሙያ ክትትል ዕፅ የሚወስዱበት ቤት እኮ ሰዉን ከነሱሱ ነው የተቀበለው። በአንዴ እንዳያቆም ግን፤ ያልበዋል፣ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጣጥመዋል፣ ሐኪም ቀስ እያለ ይቀንስለት። ከመጠጥ ጋር ከወሰደና ትንፋሹ ከዘገየ ወይ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ በጎኑ አስተኝተሽ ቶሎ ሆስፒታል አድርሽው። ቤት ውስጥ ደግሞ አትቆጭው። እኔ የሰፈራችንን ልጅ ቡና ጠርቼ ዝም አልኩት፤ በረካው ላይ ስንት ፍሬ እንደሚውጥ ራሱ ነገረኝ።