ጆንያውን እስከ አፉ አይሙሉት

ጥያቄ፦ «በማሳዬ ዳር ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ መሬቴን በላው። አምና አሸዋ የሞላሁበት ጆንያ ደርድሬ ነበር፤ ብዙም አልቆየም። አሁን ጭራሽ በጎን በኩል ሌላ ጉድጓድ ጀምሯል። ችግሩ አሸዋው ይሆን?»

መልስ፦ አሸዋው ምንም አላጠፋም። እንዴት እንደደረደሩት አልጻፉልኝም፤ ግን «በጎን በኩል» ያሉት ይበቃኛል። ውሃው ክትሩን፣ ማለትም የጆንያ ግድቡን፣ አልጣሰውም፣ ዞሮት ነው የሄደው። መሃሉን ከዳሮቹ እኩል ወይም ከፍ አድርገው ሠርተውታል ብዬ እገምታለሁ። ውሃ ደግሞ መውጫ ካጣ ዳር ዳሩን ይቆፍራል።

ስለዚህ ዘንድሮ ዝናቡ ሳይገባ እንደገና ይሥሩት። ባዶ ጆንያና አካፋ ይበቃዎታል። አሸዋ ከሌለ የዚያው ቦታ አፈር ይሆናል። ከቦረቦሩ ራስ ጀምረው ወደ ታች ይውረዱ። መጀመሪያ ወለሉን አንድ ስንዝር ያህል ቆፍረው የታችኛውን ረድፍ እዚያ ውስጥ ያስቀምጡ። በግራም በቀኝም ግድግዳውን ግማሽ ሜትር ያህል ሰርስረው ጆንያዎቹን ወደ ውስጥ ያስገቡ። ይቺን እንዳይዘሏት፤ አምና ያመለጠዎት ይሄ ይመስለኛል። በመጨረሻም ከላይኛው ረድፍ መሃል ላይ ሁለት ሦስት ጆንያ ያጉድሉ፤ ውሃው በዚያ ይለፍ። ከሥር የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያንጥፉ፣ አለዚያ እግሩን ይቆፍረዋል። ከፍታው ከጉልበት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከአንድ ትልቅ ክትር ሦስት ትንንሽ ይሻላል፤ የታችኛው አናት ከላይኛው እግር እኩል ይሁን።

አሁን ትንሽ ልቆጣ፣ በሄድኩበት ሁሉ የማየው ነገር ስለሆነ። ጆንያው እስኪወጠር ይሞላል፣ አፉ በገመድ ይታነቃል። የተወጠረ ጆንያ ከጎኑ ካለው ጋር አይገጥምም፤ በመሃላቸው እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ውሃ የሚፈልገው ያንን ነው! ከግማሽ ትንሽ አለፍ አድርገው ይሙሉት፣ አፉን አጥፈው ከሥሩ ያድርጉት፣ አስተኝተው በእግርዎ ይርገጡት። ተኝቶ ቅርጽ ሲይዝ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍናል። ሁለተኛው ረድፍ የመጀመሪያውን መጋጠሚያ ይሸፍን፣ ልክ እንደ ጡብ።

የላስቲክ ጆንያ ፀሐይ አይችልም። ወራት ሲቆይ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። ስለዚህ ከክትሩ ጀርባ ደለል እንደተኛ ሥሩ ጠንካራ የሆነ ሣር ይትከሉበት። ጆንያው ሲያልቅ ሣሩ ይረከበዋል።

የተረፉዎትን ጆንያዎች አይጣሉ። የገፈራ (ታምቆ የሚቀመጥ እርጥብ መኖ) ጉድጓድ ላስቲክ ወይም የድርቆሽ ክምር ሽፋን ዳር ዳሩን ለመጫን ከድንጋይ ይሻላሉ፤ ላስቲኩን አይቀዱትም።

ቦረቦሩ ከሰው ቁመት በላይ ከጠለቀ ግን በጆንያ አይድከሙ፤ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ መጥቶ ይይልዎት። ካልሆነ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ሄደው ሁለቱን ጎኖች ይዩ። ውሃ የሄደበት ቀጭን መንገድ ካገኙ፣ ያኑ ቀን አንድ ጆንያ ይጨምሩበት።