ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሹሩባሽን ተሠሪ

የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን የምትጠብቂ እህቴ፣ የምጽፍልሽ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሆኜ ነው። ግራ ጡቴ ከወጣ ስድስት ዓመት አለፈው። ሐኪም አይደለሁም። ስለ መድኃኒትና ስለ ጨረር የምትጠይቂው እነሱን ነው። እኔ የማውቀው ሌላውን ነው፤ ሐበሻ ሆኖ በሰው አገር መታመምን።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። የባዮፕሲው፣ ማለት ከጡቴ ናሙና ወስደው ያደረጉት ምርመራ፣ ውጤት ሲነገረኝ ከባለቤቴ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ሰው ከንፈር እንዳይመጥብኝ ፈራሁ። "ያ ክፉ በሽታ ይዟታል" ተብሎ ከቤተክርስቲያን እስከ ሐበሻ ሱቅ ሲወራ ታየኝ። ቀጠሮ ላይ እንግሊዝኛው ሲያጥረኝ የ14 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ሐኪሟ ታስረዳለች፣ ልጄ ትተረጉማለች። አንድ ቦታ ላይ ዝም አለች። "ምን አለች?" አልኳት። "ምንም" አለችኝ። ያን ሌሊት ከወዲያኛው ክፍል ስታለቅስ ሰማኋት። ሐኪሟ ምን ብላ እንደነበር እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ያ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ነገሩ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ የመጣ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ)። ቀጠሮ ስትይዢ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በይና በፋይልሽ ላይ እንዲጻፍ አድርጊ። ትግርኛም ኦሮምኛም ከሆነ እንደዚያው። "እንግሊዝኛ እኮ እችላለሁ" ትይኝ ይሆናል። እኔም ለሥራዬ የሚበቃኝ ነበረኝ። ሐኪሟ "ካንሰር" ካለች በኋላ ግን አንዱም ቃል ጆሮዬ አልገባም። አስተርጓሚው የሚያውቀኝ ሰው ቢሆንስ ብለሽ ከፈራሽ በስልክ ይሁንልኝ በይ። ሌላ ስቴት ያለ ሰው ሊደርስሽ ይችላል፤ ስምሽን ለእሱ የመናገር ግዴታ የለብሽም። በአካል የሚመጣውም ቢሆን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ሐኪሟ ጋ ስትገቢ አንድ ነገር አትቸኩዪ። ብዙዎቻችን "ሙልጭ ብሎ ይውጣልኝ፣ ሥሩ ይነቀል" ነው የምንለው። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ፒትስበርግ የነበረው በርናርድ ፊሸር የሚባል ቀዶ ሐኪም ከነቡድኑ በ1985 ባወጣው ጥናት፣ በሽታው ገና በጅምሩ ከተገኘ፣ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠትና ጡቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣት በሕይወት ለመቆየት እኩል መሆናቸውን አሳየ። ሴቶቹን 20 ዓመት ተከታትለውም በ2002 መልሱ ያው ሆነ። የእኔ ሁለት ቦታ ላይ ስለነበር ሙሉውን ወጣ። ያንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል። "ለእኔ ሁለቱም ይሆናል ወይ? ካልሆነስ ለምን?" ብለሽ ጠይቂ። "ለማሰብ ስንት ቀን አለኝ?" ማለትም አትርሺ። ብዙ ጊዜ የዛሬና የነገ ጉዳይ አይደለም፤ ሌላ ሐኪም ጋ ሄዶ ሁለተኛ አስተያየት ለመስማት ጊዜ ይኖራል። ጡቱን መልሶ ማሠራት ከፈለግሽ ደግሞ የሚያሳፍር ነገር እንዳይመስልሽ። ከ1998 ጀምሮ በሕግ፣ ጡት ለማውጣት የሚከፍል አብዛኛው ኢንሹራንስ መልሶ ለማሠራቱም፣ ሌላኛውን ለማመጣጠኑም፣ ከልብስ ሥር ለሚደረገው ሰው ሠራሽ ጡትም መክፈል አለበት። የራስሽ ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን ቀድመሽ ደውለሽ አጣሪ።

አሁን ወደ ሹሩባው ልምጣ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክንድሽን ከትከሻ በላይ ማንሳት ለሳምንታት ይከብድሻል። ጸጉርሽን ማን ያበጥርልሻል? ከሦስትና ከአራት ቀን በፊት ሹሩባ ተሠሪ። በጣም አይጥበቅ፤ ጀርባሽ ላይ ተኝተሽ ለሰዓታት ስለምትቆዪ ይቆረቁርሻል። የብረት ጌጥም አይግባበት። የጥፍር ቀለም አስለቅቂ፤ በደምሽ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለኩት ጣትሽ ላይ በሚቆነጥጥ መሣሪያ ነው።

ማተብ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከማተቤ ላይ የብር መስቀል ነበረችበት። ቢላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስለሆነ ብረት ሰውነት ላይ ካለ ሊያቃጥል ይችላል ይላሉ። ይህን ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። ጠዋት ነርሷ አንገቴን አየችና መቀስ ይዛ መጣች። "ኖ!" ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ ደነገጠች። ከክርስትናዬ ጀምሮ ያለ ክር መሆኑን በየትኛው እንግሊዝኛ ላስረዳት? ባለቤቴ በጣቱ ቢለው አልፈታ ሲለው በጥርሱ ፈታው። መስቀሏን ኪሱ ከተታት፤ ክሯን ብቻ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አስረው በፕላስተር ሸፈኑልኝ። ሁሉም ሆስፒታል ይህን ላይፈቅድ ይችላል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ጠይቂ፣ ለንስሐ አባትሽም አማክሪ፣ ቤትሽ ሆነሽ በእርጋታ ፍቺው። ሂርዝ ወይም ሌላ የማትለዪው ነገር ካለሽም እንደዚሁ።

የምትወስጂውን ሁሉ ንገሪያቸው። ፈረንጅ "መድኃኒት ትወስጃለሽ?" ሲልሽ የሐኪም ማዘዣ ብቻ እንዳይመስልሽ። ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ከአገር ቤት የተላከልሽ ሥር ካለም ሥሩ፣ ሁሉንም ዘርዝሪ። ወጥ ውስጥ ያለው አይደለም ችግሩ፤ እንደ መድኃኒት በብዛት የሚወሰደው ነው። አንዳንዱ ደም ያቀጥናል፣ አንዳንዱ ስኳር ያወርዳል። ጾም ላይ ከሆንሽም ተናገሪ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና ካህናቱ ራሳቸው ይነግሩሻል፤ ቁስል ለመዳን ምግብ ይፈልጋል።

ሰዓቱን ደግሞ ልብ አድርጊ። "ከእኩለ ሌሊት በኋላ አትብዪ" ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። "ጠዋት 6 ሰዓት ድረሺ" ሲሉሽ ግን በእኛ 12 ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ለሚያደርስሽ ሰው አሳዪው። ቡናስ? ወተት የሌለው ቡና ከማደንዘዣው ሁለት ሰዓት በፊት ድረስ የሚፈቅዱ አሉ። የጀበና ቡና ግን አተላ ስላለው ጠይቀሽ ጠጪ። ቡና ሳይጠጣ የሚያመው እንደ እኔ ዓይነቱን ራስ ምታቱ ከቁስሉ በላይ ያንገላታዋል።

ከማደንዘዣው ስትነቂ ሽንትሽ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጪ። ብብት ውስጥ ያለው ንፍፊት በሽታው ደርሶበት እንደሆነ ለማየት ሰማያዊ ቀለም የሚወጉ አሉ፣ እሱ ነው። በሁለት ቀን ይጠራል። ከቁስሉ ጎን ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች ይኖሩሻል፣ ጫፋቸው ላይ እንቁላል የምታህል ላስቲክ አለች። በየቀኑ እያፈሰስሽ በሚሊ ሊትር ትጽፊያለሽ። በ24 ሰዓት ከ30 በታች ሲወርድ አብዛኛውን ጊዜ ያወጡልሻል። የእኔ 11 ቀን ቆየ። ስታጠቢ እነዚያን ኳሶች የት ታደርጊያቸዋለሽ? እኔ የሥራ መታወቂያዬን የማንጠለጥልበትን ገመድ አንገቴ ላይ አድርጌ እሱ ላይ ሰቀልኳቸው። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ሦስት ግዢ። ወደ ቤት ስትመለሺ በመኪናው ቀበቶና በደረትሽ መሀል የሚገባ ትንሽ ትራስ ያዢ። እኔ ጋቢዬን አጥፌ አደረግኩት፣ ከትራስ በለጠኝ።

ጸበል የምትወጂ ከሆነ ጠጪ። ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ቱቦው ሳይወጣ ግን መጠመቅ አይቻልም። ምጣዱንም እርሺው። ከአንድ ጋሎን ወተት የከበደ ነገር ሐኪምሽ እስኪፈቅድልሽ አታንሺ። ከብብቱ ንፍፊት በኦፕራሲዮን የተወሰደበት ክንድ ደግሞ ከቃጠሎ መጠበቅ አለበት፤ ሊያብጥና እብጠቱ ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል። የአክንባሎ እንፋሎት ምን እንደሚያደርግ አንቺም ታውቂዋለሽ። ለሁለት ወር እንጀራ ከሱቅ ይገዛ። ማንም አያማሽም፣ ቢያማሽም ይማሽ። እንቅስቃሴ ግን የሚሰጡሽን ሥሪ፣ ክንድሽን አጥፈሽ ከተቀመጥሽ ትከሻሽ ይደርቃል።

የሥራውን ነገር ባጭሩ። 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቦታ አንድ ዓመት ከሠራሽና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት ከሞላሽ፣ በ1993ቱ ሕግ ሥራሽ ሳይነካ እስከ 12 ሳምንት መቅረት ትችያለሽ። ክፍያ የለውም። ኡበር የምትነዱ ይህ አይመለከታችሁም፣ ስለዚህ የሆስፒታሉን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ከመጀመሪያው ቀን ያዙ። የሆስፒታል ዕዳ የሚያስቀንስ ፎርም እሷ ጋ ነው ያለው።

ከዚህ ሁሉ ግን የጠቀመኝ አንድ ሽንት ቤት ውስጥ ያየሁት ነው።

ኦፕራሲዮኑ አሥር ቀን ሲቀረው፣ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ተቀምጫለሁ። ሰንበቴ ላይ ዳቦ ቆርሰው የሚያድሉ እናት አሉ፣ እትዬ እላቸዋለሁ። "ልጄ፣ ፊትሽ ልክ አይደለም" አሉኝ። "እህቴ ታማብኝ ነው" አልኩ። "ምኗን?" "ጡቷን።" ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ሴቶች መጸዳጃ ቤት ወሰዱኝ። በሩን ቆለፉ። ነጠላቸውን መንጠቆው ላይ ሰቀሉና የቀሚሳቸውን ዚፕ ዝቅ አድርገው ደረታቸውን ገለጡ። "እዪው" አሉኝ። "ንኪው።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ በሐሳቤ የማየው ጉድጓድ ነበር። እዚያ ያለው ግን መስመር ነው። ከደረት መሀል ወደ ብብት የሚሄድ፣ ቀጭን፣ የደበዘዘ መስመር። በእጅ የተሰፋ ልብስ ዘምዘማት ይመስላል። "ይኸው ነው። አሥራ ሁለት ዓመቴ" አሉኝ። በሩ ተንኳኳ። እትዬ ደረታቸው እንደተገለጠ "ሰው አለ!" ብለው ጮኹ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ሳቁ ወደ ለቅሶ ተቀየረብኝ፣ እሳቸው ዚፓቸውን እየዘጉ ጠበቁኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ለሁሉም ተናገሪ ግን አልልሽም። ያለፈችበትን አንዲት ሴት ፈልጊ። በዙሪያሽ ካጣሽ አሜሪካን ካንሰር ሶሳይቲ በ1-800-227-2345 ቀንም ሌሊትም ይመልሳል፣ በአስተርጓሚም። ሪች ቱ ሪከቨሪ የሚሉት ሥራ አላቸው፤ በሽታውን ካለፈች ሴት ጋር ያገናኙሻል። የጀመረችው ራሷ ጡቷ የወጣ ቴሬስ ላሰር የምትባል ሴት ናት፣ በ1952። ሐኪም ቤት አልጋቸው ድረስ እየሄደች ሴቶችን ታናግር ነበር። ልክ እንደ እትዬ። እንግሊዝ ያላችሁ ማክሚላን የሚባለውን የካንሰር በጎ አድራጎት ድርጅት ጠይቁ። አረብ አገር ሆነሽ ሕክምናውን አገር ቤት ልትጨርሺ ከሆነ የባዮፕሲውን ሪፖርትና የምስሉን ሲዲ በእጅሽ ሳትይዢ አትሳፈሪ። አዲስ አበባ ስትደርሺ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፤ አቶ ወንዱ በቀለ ልጃቸውን በደም ካንሰር ካጡ በኋላ ያቋቋሙት ነው።

ቀጥሎ አንድ በረኛ ሹሚ። ቀልዴን አይደለም። የእኛ ሰው ሲወድሽ አሥራ አምስት ሆኖ ይመጣል፣ አራት ሰዓት ይቀመጣል፣ ከመሀላቸው አንዷ "የአክስቴ ልጅም እንዳንቺ ጀምሯት…" ብላ ቀብሩ ድረስ ትወስድሻለች። በረኛዋ እህትሽ ትሁን ጓደኛሽ፣ ስልክሽን እሷ ትያዘው። "ዛሬ ተኝታለች። ምግብ ሞልቷል። ሐሙስ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የምታመጣ እንፈልጋለን" ትበል። ሥራ ስትሰጪው ሰው ደስ ይለዋል። እኔ ቤት ስድስት ድስት ዶሮ ወጥ ተቀምጦ ቆሻሻ የሚያወጣ ጠፍቶ ነበር።

ለእናትሽ ንገሪ፣ ግን ብቻዋን ባለችበት በስልክ አይሁን። መርዶ ባይሆንም ወጉን ያዢ፤ አክስትሽን ወይም ጎረቤት ቀድመሽ ቤት ላኪ፣ ከዚያ ደውዪ። ለእህቶችሽ መንገርማ ግድ ነው። በሽታው በዘር የሚሄድበት ጊዜ ስላለ እነሱም ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

ባለፈው ወር ማታ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር፣ የወጣት ሴት ድምፅ። ስሟን አልነገረችኝም። "ቁጥርሽን ሰው ሰጥቶኝ ነው። እህቴ ታማ… ጡቷን… ኦፕራሲዮኗ በሚቀጥለው ሳምንት ነው" አለችኝ።

"እሺ የኔ ቆንጆ፣ እህትሽ ቅዳሜ ቡና ትጠጣለች?" አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ "ትጠጣለች" አለችኝ።