«ምንም ሳያመኝ ግፊት አለብሽ ተባልኩ»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 43 ዓመት ነው፤ ድሬዳዋ መጋላ ልብስ እነግዳለሁ። ባለፈው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ እስከ ከዚራ በእግሬ ሄጄ ለልጄ መድኃኒት ልገዛ በገባሁበት ሱቅ ግፊቴን ለኩኝና 158/96 ሆነ። ራሴን አያመኝም፣ አያዞረኝም። አባቴ ግን በስትሮክ ነው ያረፉት። ጎረቤቴ የራሷን ኪኒን ሰጥታኛለች፤ ልጀምረው? የባለቤቴም ከበርጫ በኋላ ሲለካ ከፍ ይላል፤ «የጫቱ ነው፣ ይወርዳል» እያለ ያልፈዋል።

መልስ፦ ኪኒኑን ለጎረቤትዎ ይመልሱላቸው። የግፊት መድኃኒት ብዙ ዓይነት ነው፤ ለአንዱ የተስማማው ለሌላው ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ በስፋት የሚታዘዘው ኢናላፕሪል ፅንስን ስለሚጎዳ ማርገዝ ለምትችል ሴት አይመረጥም፤ በ43 ዓመት ደግሞ ይህ ጉዳይ ገና አልተዘጋም።

ከቁጥሮቹ የላይኛው ልብ ደም ስትገፋ፣ የታችኛው በሁለት ምት መካከል ስታርፍ በደም ሥር ውስጥ ያለው ግፊት ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው አለ ይባላል። የእርስዎ ግን አንድ ልኬት ነው፤ ያውም በእኩለ ቀን የድሬዳዋ ፀሐይ በእግርዎ መጥተው፣ ምናልባትም ቆመው እያወሩ የተለኩት። ስለዚህ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ በጠዋት ይሂዱ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፤ ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ በዝምታ ይቀመጡ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ትክክል ይረፍ። ማሰሪያው በልብስ ላይ እንዳይጠመጠም፣ ለክንድዎም እንዳይጠብ ይጠይቁ፤ የጠበበ ማሰሪያ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ይህን መጠየቅ ባለሙያውን መዳፈር አይደለም። በሌላ ቀን ደግሞ ይደገምልዎ።

አለመታመምዎ ግን መሣሪያው ለመሳሳቱ ማስረጃ አይሆንም። ግፊት በአብዛኛው ምልክት የለውም፤ በዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። በዝምታው ዘመን የአንጎል፣ የልብ፣ የኩላሊትና የዓይን ደም ሥሮች ይጎዳሉ። የአባትዎን ሕመም ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ግፊቱ ከተረጋገጠ የሽንት፣ የኩላሊትና የስኳር ምርመራ አብሮ ይደረጋል፤ ምግብ ሳይቀምሱ የሚለካ ስኳር በዴሲ ሊትር 126 ሚሊ ግራም እና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ እሱም ተደግሞ መረጋገጥ አለበት።

የባለቤትዎ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፤ ስለዚህ ትክክለኛ መጠናቸውን ለማወቅ ጠዋት፣ ሳይቅሙ ይለኩ። ይሁንና በየቀኑ ከምሳ በኋላ ተቀምጦ እስከ ምሽት የሚቅም ሰው ደም ሥሮቹ በየቀኑ ያንን ግፊት ተሸክመው ይውላሉ። «ይወርዳል» ማለት «አይጎዳም» ማለት አይደለም። በምርቃና እንቅልፍ አጥቶ ማደሩም ግፊትን አያግዝም።

ስለ ጨው ባይጠይቁኝም ላንሳው፤ በአገራችሁ «ሙቀት ስላለ ጨው ያስፈልጋል» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁና። በሙቀት ቀን በይበልጥ የሚያስፈልገው ውኃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ወጡ፣ እንጀራው፣ በጨው የሚጠጣ ከሆነ ቡናውና ሆጃውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራሉ። ሐኪም ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ካዘዘልዎ ደግሞ፣ በሞቃት ወራት ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ ራስዎ ከማቆም ይልቅ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ቁጥሩ 180/120 ደርሶ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የእይታ መደብዘዝ ወይም ብርቱ ራስ ምታት ካለ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ በጠዋት እንሄዳለን ብላችሁ አትደሩ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።