መልስ፦ ታካሚው «ገባኝ» ብሎ ወጥቶ መድኃኒቱን ለምን ያዛባል?
ተማሪ በሚበዛበት ሆስፒታል ታካሚዎች «ገባኝ» ብለው ከወጡ በኋላ የመድኃኒቱን አወሳሰድ ይሳሳታሉ፣ ምን እናድርግ ላልሽው፦ መጀመሪያ «ገባዎት?» የሚለውን ተዉት። አምስት ነጭ ጋዋን አልጋውን ከቦ ቆሞ እያየው አልገባኝም የሚል ሰው የለም። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፣ ስማችሁንና ተማሪ መሆናችሁን ተናገሩ፣ ከዚያ «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ለማወቅ ነው፤ ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በሉ። ከተሳሳቱ በሌላ አነጋገር አስረዱ። ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መድገም (የተለመደው ስህተት) ጥቅም የለውም።

ኦአርኤስ (ተቅማጥ ለያዘው በውሃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ላይ በቃል ብቻ አትመኑ፤ የሕፃኑ እናት ራሷ እዚያው ትበጥብጥ። የ1 ሊትሩን ፓኬት በአንድ ብርጭቆ ውሃ የሚበጠብጥ ብዙ ነው። እንዲህ ሲወፍር ተቅማጡን ያባብሳል፣ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየምም (ጨው) ከፍ ያደርጋል። ሙሉው ፓኬት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቃ በማንኪያ ቀስ እያለች ትቀጥል።

ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ የመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ሳሉበት።